ከቦሌ እስከ አዳማ፦ የ14 ቀን የሆቴል ለይቶ ማቆያን በሥርዓት ለማለፍ

ከመጋቢት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከውጭ አገር የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በተመረጡ ሆቴሎች፣ በራሱ ወጪ፣ ለ14 ቀናት ተለይቶ እንዲቆይ መንግሥት በወሰነበት ሰሞን እኔ ዱባይ ነበርኩ። የመኪና መለዋወጫ ገዝቼ ወደ አዳማ ለመመለስ ሻንጣዬን እያሰርኩ ሳለ ነው ወሬውን የሰማሁት። ያን ጊዜ የሚያማክረኝ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከዓረብ አገር ለተመለሱ የሰፈሬ ልጆችም፣ ወደ እንግሊዝ ለሄደው የወንድሜ ልጅም ያየሁትን ደጋግሜ ነግሬያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ማብቃቱን ቢያውጅም፣ ሌላ ወረርሽኝ ሲነሳ ይኸው አሠራር እንደሚመለስ ስለማምን፣ በቃል የሰጠሁትን ምክር እዚህ በጽሑፍ አስቀምጠዋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ በሆቴል ክፍል ውስጥ ሰውን የሚያስጨንቀው ነገር አብዛኛው ከጉዞ በፊት ቤት ውስጥ ሳይነጋገሩበት የቀረ ጉዳይ መሆኑን ነው። ስለዚህ መመሪያው ግማሽ ያህሉ ስለ ሆቴሉ ሳይሆን ስለ ቤት ነው።

ደንቡን ይወቁ፣ ቀኑንም በሁለቱ አቆጣጠር ይጻፉ

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን ይለዩ። ለይቶ ማቆያ ለበሽታው ተጋልጦ ሊሆን ይችላል ተብሎ ለሚጠረጠር ጤነኛ ሰው ሲሆን፣ ለይቶ ማከሚያ ደግሞ በምርመራ ለተገኘበት ሰው ነው። የኮሮና ቫይረስ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክት የሚያሳየው በአብዛኛው በአምስትና በስድስት ቀን ውስጥ ቢሆንም እስከ 14 ቀን ሊዘገይ ስለሚችል ነው ቀኑ 14 የሆነው። በገቡበት ቀን የተሰጠ ናሙና «ነፃ» ቢባልም ወዲያው ወደ ቤት የማያስኬደው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቫይረሱ ገና ስላልተራባ ምርመራው ሳያገኘው ሊቀር ይችላል። ይህን አስቀድሞ የተረዳ ሰው በሦስተኛው ቀን «ውጤቴ ነፃ ሆኖ ሳለ ለምን ታግቼ እቀመጣለሁ?» እያለ አይበሳጭም።

ደንቡ ከአገር አገር፣ ከወር ወርም ይለያያል። የወንድሜ ልጅ በሄደበት በ2021 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ኢትዮጵያን በቀይ መዝገብ ውስጥ አስገብታ ስለነበር፣ እዚያ ሲደርስ የጠበቀው የአሥር ቀን የሆቴል ቆይታና በሁለተኛውና በስምንተኛው ቀን የሚደረግ ምርመራ ነበር። ሆንግ ኮንግ በተመሳሳይ ዘመን ለብዙ መንገደኞች 21 ቀን ጠይቃለች። ስለዚህ ቲኬት ሲቆርጡ ያነበቡትን ደንብ ከመነሳትዎ ሁለት ቀን በፊትና በመነሻው ዕለት ጠዋት እንደገና ከአየር መንገዱና ከኤምባሲው ያጣሩ። ከጉዞ በፊት የሚደረግ ምርመራ የሚያገለግልበት ሰዓትም፣ 72 ይሁን 120፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ናሙና ከተወሰደበት ሰዓት እንጂ ውጤቱ በእጅ ከገባበት ሰዓት አይደለም።

የቀን አቆጣጠሩን ነገር ጠበቅ አድርጌ የምናገረው እኔ ራሴ ስለተሳሳትኩበት ነው። አውሮፕላኔ ቦሌ ያረፈው ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነበር። እኔ እንደ አገራችን ልማድ ሌሊቱን ለሰኞ ሰጥቼ፣ ሰኞን «አንድ» ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ባለሙያዎቹ ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ማክሰኞ ብለው መዝግበው፣ ማክሰኞንም የገባሁበት ቀን ስለሆነ ዜሮ አድርገውታል። በእኔ ስሌት የምወጣው እሑድ መጋቢት 27 ሲሆን፣ በእነርሱ መዝገብ ማክሰኞ መጋቢት 29 ነበር። ወንድሜ መኪና ለምኖ እሑድ ጠዋት ከአዳማ ከመጣ በኋላ በር ላይ ተነግሮት ባዶውን ተመለሰ። እርስዎ እንዲህ ያድርጉ፦ ሲመዘገቡ ባለሙያውን «የመጨረሻው ቀን በኢትዮጵያም በፈረንጆቹም አቆጣጠር መቼ ነው? በስንት ሰዓት?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን እዚያው ፊቱ ጽፈው ያሳዩት፤ ከዚያ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስተው ለሚቀበልዎ ሰው ይላኩ። ሰዓቱን ሲጽፉም «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለውን አይተዉ፤ በእኛና በእነርሱ ሰዓት መካከል ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት ብዙ ሰው አሳስቷል።

ገንዘቡን አስቀድመው ይደምሩ

የሆቴሉን ዋጋ ሲጠይቁ «ሁሉን ያካተተ ነው?» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ብዙ ሆቴሎች በዋጋው ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምራሉ፤ ስለዚህ 1,000 ብር የተባለው አዳር ሲከፈል 1,265 ብር ይሆናል። ይህ በ14 ሌሊት ሲባዛ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ሦስቱም ማዕድ በዋጋው ውስጥ መሆኑን፣ የመጠጥ ውሃ፣ የልብስ አጠባና የኢንተርኔት ሒሳብ ለብቻ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። በሌሊት ለሚገባ መንገደኛ ደግሞ የሚበልጠው ጥያቄ «ይህ ሌሊት ይቆጠራል?» የሚለው ነው። እኔ ያረፍኩበት ሆቴል ንጋት ላይ ስለገባሁ ያለፈውን ሌሊት ጭምር አስከፍሎኛል፤ ተከራክሬ አልተሳካልኝም፤ ምክንያቱም ስገባ በጽሑፍ የያዝኩት ነገር አልነበረም።

ከሆቴሉ ሒሳብ በተጨማሪ ቤት ለሚጠብቅ ቤተሰብ የሦስት ሳምንት አስቤዛ ማስቀመጥ ይገባል፤ ሁለት ሳምንት ብለው ካቀዱ አንዲት የምርመራ መዘግየት ዕቅዱን ታፈርሰዋለች። ቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ በስልክዎ ላይ መሥራቱን ከመሄድዎ በፊት ይሞክሩት፤ በውጭ አገር ሲም ካርድ ላይ የይለፍ ቁጥር አልመጣልኝም ብሎ የተቸገረ ብዙ ሰው አውቃለሁ። የመክፈል አቅም ከሌለዎት ደግሞ ይህን በአምስተኛው ቀን ለሆቴሉ ሳይሆን እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለተመደቡት ባለሙያዎች ይናገሩ። በ2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ለይቶ ማቆያ ሆነው ከዓረብ አገር የተመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን አስተናግደዋል። ይህን መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

የእጅ ሻንጣው

ትልቁ ሻንጣ ሊዘገይ ወይም በጸረ-ተህዋሲ ርጭት ምክንያት ለሰዓታት ሊቆይ ስለሚችል፣ የሦስት ቀን ኑሮዎን በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ከሁሉ በፊት መድኃኒት ይመጣል፤ የ14 ቀን ሳይሆን የ30 ቀን ያህል፣ ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይያዙ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በምንም ምክንያት ወደ ጭነት ክፍል እንዳያስገባው፤ እዚያ በረዶ ሊሆን ይችላል፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊንም አይሠራም። ክፍልዎ ማቀዝቀዣ ያለው መሆኑን ቀድመው ይጠይቁ፤ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ቴርሞሜትር፣ የስልክ ቻርጀርና ማከፋፈያ፣ ጭምብል፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ የተሞላ ሳኒታይዘር፣ የልብስ ሳሙናና ቀጭን የማስጫ ገመድ ይጨምሩ።

አዳማ የኖረ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ፤ ጋቢ። እኛ ሙቀትና ነፋስ የለመድን ነን፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ለአየር ዝውውር ሲባል መስኮት ከፍቶ ማደር ደግሞ ግድ ይሆናል። ጋቢ ያለው ሰው መስኮቱን አይዘጋም።

ቤተሰብንና ሰፈርን ማዘጋጀት

የእኛ ሰው ከሩቅ አገር የመጣን ሰው ሳይጠይቅ አያድርም። ፍቅር ነው፤ በወረርሽኝ ጊዜ ግን ይኸው ፍቅር ጠያቂውንም ተጠያቂውንም ይጎዳል። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ወይም ገና ውጭ ሳሉ በስልክ፣ ሰፈሩ የሚሰማው አንድ ትልቅ ሰው ይምረጡ፤ የእድሩ ዳኛ፣ የነፍስ አባት፣ የመስጊዱ ኢማም ወይም የቀበሌው ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። «ልጃችን መጥቷል፤ 14 ቀን ሆቴል ይቆያል፤ ቤት ሲገባም ለጥቂት ቀን አንጠይቀውም» የሚለው ቃል ከእርሱ አፍ ሲወጣ ማንም አይቀየምም። ከሚስትዎ ወይም ከእናትዎ አፍ ሲወጣ ግን «ደበቁት» የሚል ሐሜት ያመጣል። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ፣ የጎረቤት ሰዎች ቤተሰቤን ከሱቅ ሰልፍ ለይተው ያዩባቸው ቀናት ነበሩ፤ ያኔ ገና ሆቴል ነበርኩ፤ ባለቤቴና ልጆቼም ለአንድ ቀን እንኳ አላገኙኝም ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ለመናገር ይከብዳል፤ ሆኖም መዝለል አይቻልም። ተለይተው ባሉበት ጊዜ የቅርብ ሰው ቢሞት ምን ይደረግ? በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ማልዶ ነው። በለይቶ ማቆያ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ የለም፤ ሰውዬው ብቻውን ነው፤ በሩ አይከፈትም፤ ወለሉ ላይ ቢወድቅ የሚያነሳው የለም። አንዳንድ ቤተሰብ እስኪወጣ ይደብቃል፤ ያም ልክ ነው ብዬ የማስበው ቀኑ ሲቀራረብ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀድመው ይስማሙ፤ ከቤተሰቡ ማን እንደሚወስን፣ ማን እንደሚናገር፣ ከመነገሩ በፊትም ለሆቴሉ የጤና ባለሙያ ተደውሎ በሩ አጠገብ እንዲሆን የሚያደርግ ማን እንደሆነ ይወሰን። በማኅበራዊ ገጽ ላይ የሐዘን ፎቶ የሚለጥፉ ወጣቶችንም ለአንድ ሳምንት እንዲታገሱ ማሳሰብ ያስፈልጋል። በእኔ ኮሪደር ላይ ያለ አንድ ሰው የአክስቱን ሞት በስልኩ ላይ ከተለጠፈ ፎቶ ነው ያወቀው፤ ልቅሶው በግድግዳው በኩል ይሰማን ነበር፤ ማናችንም ልናየው አልቻልንም።

ከአውሮፕላኑ እስከ ክፍሉ በር

ይህ ክፍል አጭር ነው። የጤና ቅጹን ሲሞሉ የሚሠራ የአገር ውስጥ ስልክ ቁጥርና በአዳማ የሚኖሩበትን ክፍለ ከተማና ቀበሌ በትክክል ይጻፉ፤ አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገብዎ የነበረ ሰው ቢገኝበት የሚፈልጉዎት በዚያ ነው። የወንበር ቁጥርዎን ያለበትን ቁራጭ ትኬት አይጣሉ። በአውቶቡስ ሲወሰዱ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ይክፈቱት፤ ጭምብልዎንም ክፍልዎ ገብተው በሩን እስኪዘጉ ድረስ አያውልቁ።

በሩና አየሩ

ክፍል እንደገቡ ዕቃ ከማውጣትዎ በፊት አራት ነገር ያረጋግጡ፦ መስኮቱ ወደ ውጭ ይከፈታል ወይ፣ ውሃው ይመጣል ወይ፣ የክፍሉ ስልክ ይሠራል ወይ፣ ማታ ቢያምዎት የሚደወለው ቁጥር የማን ነው። መስኮቱ የማይከፈት ከሆነ ሌላ ክፍል ለመለመን ትክክለኛው ጊዜ ይህ ነው፤ አንድ ሌሊት ካደሩበት በኋላ ማንም አይቀይርልዎትም።

ሰው ሁሉ የሚፈራው የበሩን እጀታና የምግቡን ሰሃን ነው። እጅ መታጠብ ተገቢ ቢሆንም ትልቁ አደጋ ግን አየሩ ነው። በኒው ዚላንድ በ2020 እ.ኤ.አ. በአንድ የለይቶ ማቆያ ሆቴል ተጎራባች ክፍሎች ውስጥ የነበሩ ሰዎች ሳይገናኙ ቫይረሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተላልፎ ነበር። መርማሪዎች የደኅንነት ካሜራውን ሲያዩ፣ ናሙና ለመስጠት የአንደኛው በር ተዘግቶ የሁለተኛው በር የተከፈተው አንድ ደቂቃ በማይሞላ ልዩነት ውስጥ መሆኑን አገኙ፤ ኮሪደሩም አየር የማይዘዋወርበት ነበር። በዚያው ዓመት በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማን ያስጨነቀው ሁለተኛው ማዕበል በአብዛኛው የተነሳው ከለይቶ ማቆያ ሆቴሎች ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በተግባር ሲተረጎም እንዲህ ነው። ምግብ መጥቶ በሩ ሲንኳኳ ወዲያው አይክፈቱ፤ ጭምብል ያድርጉ፤ የአስተናጋጁ እግር ኮቴ እስኪርቅና የጎረቤት በር ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ከፍተው ዕቃውን አንስተው ወዲያው ይዝጉ። መስኮቱ ክፍት ሲሆን በሩ ዝግ ይሁን፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከተከፈቱ የክፍልዎ አየር ወደ ኮሪደሩ ይገፋል። ናሙና ለመስጠት ሲጠሩም ጭምብሉን ከአፍንጫዎ ዝቅ የሚያደርጉት ባለሙያው «አሁን» ሲል ብቻ ይሁን። በኮሪደር ላይ በር ከፍቶ ከጎረቤት ጋር መጨዋወትን በፍጹም አይሞክሩት፤ ጨዋታ ካማረዎት የክፍሉ ስልክ አለ።

ቀኑን መከፋፈል

ክፍሌ ከበሩ እስከ መስኮቱ ሰባት እርምጃ ነበር። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት እመላለስ ነበር፤ ከረጅም በረራ በኋላ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ስለሚችል ይህን እንደ መድኃኒት ይያዙት። በእኔም ሆነ በጠየቅኳቸው ሰዎች ዘንድ የሚከብዱት ቀናት ሦስተኛውና አሥረኛው አካባቢ ያሉት ናቸው፤ በመጀመሪያው የጉዞው ድካም አልፎ ዝምታው ይመጣል፤ በሁለተኛው ደግሞ መውጫው ቀርቦ አልደርስ ይላል። ለእነዚህ ቀናት የተለየ ሥራ ያስቀምጡ፤ እኔ የሦስት ዓመት የሱቅ ደረሰኝ የለየሁት በአሥረኛው ቀን ነው።

ምግብን በተመለከተ ጿሚ ከሆኑ በገቡበት ሰዓት ይናገሩ፤ የእኔ ቆይታ በዐቢይ ጾም ስለነበረ ሳልናገር ቀርቼ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በዳቦና በሻይ አሳልፌያለሁ። ለሙስሊም ወገኖች በረመዳን የሰሁርና የኢፍጣር ሰዓት ከኩሽናው ጋር አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል፤ የሌሊት ምግብ ማታ መጥቶ እንዳይቀዘቅዝ ፔርሙስ ሙቅ ውሃ ይጠይቁ። ቤተሰብ ስንቅ ሲልክ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም ጭኮ ይሁን፤ የማይበላሽና የማይፈስ ነው። የሚላከውም በፌስታል ወይም በማይመለስ ዕቃ ነው፤ ወደ ክፍል የገባ ሰሃን ወደ ቤት አይመለስምና እናቶች የሚሳሱለትን ምሳ ዕቃ አይላኩ።

የከሰል ምድጃና ዕጣን በሆቴል ክፍል ውስጥ አይታሰብም፤ የጭስ ጠቋሚው ይጮኻል፤ በዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል መግደሉንም ሁላችን እናውቃለን። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነበር። እናቴ አዳማ ላይ ዘወትር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቡና ስታፈላ ልጄ ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ ያቆመዋል፤ እኔ በኤሌክትሪክ ማፍያ ያፈላሁትን ውሃ በተፈጨ ቡና ላይ አፍስሼ፣ ጠልሎ እስኪረጋ በምስል የሚታየኝን የጀበናውን እንፋሎት አያለሁ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል አንድ ሰዓት ያልፋል። ከሰዓቱ አንድም ቀን አላዛነፍነውም።

ምልክት ከታየ

በየቀኑ ጠዋትና ማታ ሙቀትዎን ለክተው ይጻፉ። 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ደረቅ ሳል ከጀመረዎት፣ ወይም የሳሙናና የቡና ሽታ ከጠፋብዎት ሳይዘገዩ ለባለሙያው ይንገሩ፤ ባለሙያ ካጡ የጤና ሚኒስቴር 952 እና የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335 ነፃ መስመሮች ናቸው። ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደረትዎን ካጨነቀዎት ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ግን ይህ የመጠበቅ ጉዳይ አይደለም፤ ለእንግዳ መቀበያው ደውለው አምቡላንስ ይጠየቅ። መድኃኒት፣ ቻርጀር፣ ቅያሪ ልብስና የቤተሰብ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት የያዘች ትንሽ ቦርሳ ሁልጊዜ በር አጠገብ ትቀመጥ። ሙቀት የደበቀ ሰው «አንድ ቀን አይጨመርብኝ» ብሎ ነው የሚደብቀው፤ የሚከተለው ግን በሽታው አዳማ ላለች የ70 ዓመት እናት መድረሱ ነው።

መውጫውና መንገዱ

ከመውጣትዎ በፊት የቆይታ ማረጋገጫ ወረቀቱ ላይ ስምዎ በፓስፖርቱ አጻጻፍ መጻፉን፣ የገቡበትና የወጡበት ቀን መስፈሩን፣ ማኅተም መኖሩን አንድ በአንድ ይዩ፤ ለመሥሪያ ቤትም ለቀበሌም የሚጠየቀው ይኸው ነው። በወጣሁ ማግስት፣ መጋቢት 30 ቀን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ በፊትም የሕዝብ ትራንስፖርቱ ተገድቦ ስለነበር ያለ ወንድሜ መኪና አልደርስም ነበር። እናም የሚያደርስዎትን መኪና ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ይያዙ። ከሹፌሩ በሰያፍ፣ ከኋላ ይቀመጡ፤ በፍጥነት መንገዱ ላይ ነፋሱ ስለሚያስቸግር ተቃራኒ መስኮቶችን አራት ጣት ያህል ዝቅ ማድረግ ይበቃል። መንገድ ላይ ለምሳ መቆም፣ ዘመድ ጋ ጎራ ማለት አይገባም፤ 14 ቀን የተጠበቀው ንጽሕና በአንድ የተጨናነቀ ምግብ ቤት ይበላሻል።

ቤት ሲደርሱ ልብሱ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ሻንጣው ፀሐይ ላይ ይዋል። ምልክት ሳያዩ 14 ቀን የጨረሰ ሰው ከጉዞው የመጣ በሽታ የመያዙ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን በመውጫው ቀን ከሌሎች ጋር ተሰልፏል፤ መኪናም ተጋርቷል። ቤት ውስጥ አረጋዊ፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመምተኛ ካለ ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ጭምብል ማድረግ፣ ለብቻ መተኛትና ውጭ መቀመጥ ይበጃል። እኛ ሁለት ወንበር በረንዳው ላይ በሦስት እርምጃ ልዩነት አስቀምጠን፣ እናቴ ሲኒዬን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ስትመለስ እኔ ሄጄ አነሳ ነበር። በስምንተኛው ቀን ሙቀቴን ለክተን፣ ሳል አለመኖሩን አይተን፣ ረከቦቱ ከበረንዳው ወደ ቤት ገባ።